በትራይ ግላይድ ላይ ራይዘር ማስገጠም፦ ከከፍታው ይልቅ ቅርበቱ

ሃርሊ ዴቪድሰን ከ2009 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ሲያመርተው የቆየው ትራይ ግላይድ አልትራ ለረጅም መንገድ የተሠራ ትራይክ፣ ማለትም ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ሳይክል ነው። መቀመጫው ሰፊ ነው፤ የነፋስ መከለያው ደረትን በሚገባ ይጠብቃል፤ ከኋላ ያለው ሳጥንም የሁለት ሰው ጓዝ ይይዛል። ይህ ሁሉ ምቾት መሪው ጋ ሲደርስ ይጎድላል። ቁመቱ መካከለኛ ለሆነ ነጂ እጀታዎቹ ራቅ ብለው ስለሚገኙ፣ ወይ ጀርባውን ከመደገፊያው አላቅቆ ወደ ፊት መጠጋት፣ ወይ ክርኑን አቅንቶ መንዳት ግድ ይሆንበታል። እኔም በምኖርበት በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት በዚህ ችግር ምክንያት ከመሪው ሥር ራይዘር፣ ማለትም መሪውን ከፍ አድርጎ ወደ ነጂው የሚያቀርብ ምሰሶ፣ አስገጥሜ ከጸደይ እስከ መጸው ድረስ ስለነዳሁበት፣ ተመሳሳይ ድካም ለሚሰማቸው አንባቢዎች ያየሁትን በዝርዝር አቀርባለሁ። ሥራው ገንዘቡንም ድካሙንም የሚክስ ሆኖ አግኝቸዋለሁ፤ ጥቅሙ የመጣው ግን አብዛኛው ገዢ አስቀድሞ ከሚጠይቀው ከከፍታው ሳይሆን፣ መሪው ወደ ነጂው ከቀረበበት ልክ ነው።

ትራይክ የሚባለው ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ ያለው ሞተር ሳይክል ነው። የጎማዎቹ አቀማመጥ አገር ቤት ከምናውቀው ባጃጅ ጋር አንድ ሲሆን፣ ነጂው ግን ጣሪያ በሌለው ማሽን ላይ እንደ ማንኛውም ሞተረኛ እግሮቹን ከፍቶ ይቀመጣል። ራይዘር ደግሞ መሪውን ከፎርኩ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ፣ የላይኛው ማያያዣ ጋር የሚያገናኘው አጭር የብረት ምሰሶ ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣም የራሱ ራይዘር አለው፤ ለብቻው እየተሸጠ የሚቀየረው ከዚያ የረዘመው፣ ወይም ወደ ነጂው ያዘነበለው ነው።

ራይዘር ለትራይክ ለምን ከባለ ሁለት ጎማው የበለጠ እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ኩርባ ላይ የሚሆነውን ማየት ይገባል። ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል ኩርባ ሲገባ ይጋደላል፤ ነጂው እጀታውን በጥቂቱ ገፋ ካደረገ በኋላ ዋናውን ሥራ የማሽኑ ዝንባሌ ይሠራዋል፤ የነጂው ክብደትም አብሮ ስለሚያዘነብል ወደ መቀመጫው ይጫናል። ትራይክ አይጋደልም። የፊት ጎማው ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚዞረው በክንድ ጉልበት ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ቅጽበት የነጂው ሰውነት ወደ ኩርባው ውጪ ይገፋል፤ ስለዚህ ያው ክንድ ማሽኑን እያዞረ ባለቤቱንም መቀመጫው ላይ ይዞ ማቆየት አለበት። ማሽኑ ከግማሽ ቶን በላይ የሚመዝን መሆኑ ሲታሰብ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ፋብሪካውም ይህን ስለሚያውቅ ነው የመሪው አንገት፣ ማለትም መሪው የሚዞርበት የሻሲው ክፍል፣ ዝንባሌ 26 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የፎርኩን ዝንባሌ 32 ዲግሪ ያደረገው፤ የሁለቱ ዝንባሌዎች መለያየት መሪውን ለማዞር የሚጠየቀውን ጉልበት ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ወሳኙ ነገር ከኩርባው ውጪ በኩል ያለው እጅ የሚሄድበት ርቀት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 86 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መሪ 30 ዲግሪ ቢዞር፣ የውጪው እጀታ ከነበረበት ቦታ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ፊት ይርቃል። ቀድሞውኑ ክርኑን አቅንቶ ለሚነዳ ሰው የሚዘረጋ ክንድ አልቀረውም፤ ስለዚህ ትከሻውን ያወጣል፣ ወገቡን ይጠመዝዛል፣ እጀታውንም በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይይዛል። በባለ ሁለት ጎማ ማሽን ላይ መሪው ይህን ያህል የሚዞረው በእግር ፍጥነት ሲሄድ ብቻ ነው፤ ትራይክ ግን በየመገናኛው፣ በየማቆሚያ ቦታው፣ በየጠባቡ የተራራ ኩርባ ይህን ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ለባለ ሦስት ጎማ ብቻ የሚያገለግል ኤም 3 የተባለ ፈቃድ ስለምትሰጥ፣ ሁለት ጎማ ነድተው ሳያውቁ በቀጥታ ትራይክ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ ነጂዎች የትከሻ ሕመሙን የማሽኑ ጠባይ አድርገው እንዳይቀበሉት ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ።

የመረጥኩት ራይዘር ከፋብሪካው ይልቅ እጀታዎቹን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ኋላ የሚያመጣ፣ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተፈለፈለ ነው። ልኩን ያገኘሁት ማሽኑ ቆሞ ሳለ ጀርባዬን ከመደገፊያው አስጠግቼ፣ ትከሻዬን ዘና አድርጌ፣ ክርኖቼን በጥቂቱ አጥፌ እጆቼን ወደ ፊት ስዘረጋ ጡጫዬ ከእጀታው ምን ያህል እንደሚርቅ ሌላ ሰው በሜትር እንዲለካልኝ በማድረግ ነው። ገበያው ላይ ቀጥ ያለው ራይዘር በብዛት ይገኛል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። የመሪው አንገት ወደ ኋላ ያዘነበለ በመሆኑ ቀጥ ያለው የ5 ሴንቲ ሜትር ራይዘር እንኳ እጀታውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ነጂው ያቀርበዋል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ትንሽ የሆነ ሰው በእሱ ሊረካ ይችላል። ከዚያም በፊት ምንም ወጪ የሌለው ሙከራ አለ፤ የመቆንጠጫዎቹን ቡሎኖች አላልቶ መሪውን በቦታው እንዳለ ወደ ራስ ማዞር ጥቂት ቅርበት ይሰጣል። ዞሮ ሲታሰር ግን እጀታዎቹ ቁልቁል ስለሚመለከቱ የእጅ አንጓ ይታጠፋል፤ ለእኔ ይህ አልተስማማኝም።

ከመግዛት በፊት ሁለት ልኮችን ማረጋገጥ ይገባል። የመጀመሪያው መቆንጠጫው የሚይዘው የመሪው ዘንግ ውፍረት ሲሆን፣ በሃርሊ ማሽኖች ዘንድ የአንድ ኢንች፣ ማለትም የ25.4 ሚሊ ሜትር ልክ የተለመደ ነው። ሁለተኛው በሁለቱ የራይዘር ቡሎኖች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ እሱም በአብዛኛው ሦስት ኢንች ተኩል፣ ወይም 89 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሌላ ኩባንያ ማሽን ላይ የተመሠረተ ትራይክ ያለው ሰው እነዚህን ልኮች ከራሱ ማሽን ሳይወስድ ማዘዝ የለበትም።

ገጠማው በወረቀት ላይ አራት ቡሎን ፈትቶ አራት ቡሎን ማሰር ይመስላል፤ አድካሚው ግን ከመሪው ጋር ተያይዞ የሚመጣው ነው። ትራይ ግላይድ ትልቅ የነፋስ መከለያ ስላለው ወደ ሽቦዎቹና ቱቦዎቹ ለመድረስ የመከለያው የውጪ ክፍል መነሳት አለበት። ሃርሊ ከ2008 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በረጅም መንገድ ማሽኖቹ ላይ የነዳጅ መስጫውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ስላደረገው፣ እንደ ድሮው የሚወጠር የነዳጅ ካቦ የለም፤ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። የፊት ፍሬኑ ቱቦና የፍሪሲዮኑ መስመር ግን አሉ። 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ለውጥ ሲደረግ የፋብሪካው ቱቦዎች መንገዳቸው ከተስተካከለ ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ፤ ከዚያ ካለፈ ግን በረዘሙ መተካት ይኖርባቸዋል፤ ያን ጊዜ የፍሬን ዘይት ማፍሰስና ከመስመሩ ውስጥ አየር ማውጣት ስለሚከተል፣ በተለይ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን (ኤ.ቢ.ኤስ.) ባለው ማሽን ላይ፣ ሥራው ለሠለጠነ መካኒክ መተው አለበት። በእኔ ማሽን ላይ የፍሬን ቱቦውን የያዘውን አንድ ማሰሪያ ፈትቶ ቱቦውን በሌላ በኩል ማሳለፍ በቂ ሆኗል።

ሥራውን የሠራልኝ ጋራዥ በጥንቃቄው አስደስቶኛል። መካኒኩ የፊት ጎማውን በክሪክ አንሥቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ ቱቦው የት እንደሚወጠር፣ ሽቦው የት እንደሚቆነጠጥ በእጁ እየዳሰሰ አረጋገጠ፤ ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ ያንኑ ደገመ። መሪው ሲዞር ጡሩምባው በራሱ ቢጮህ፣ የፍሬቻ መብራቱ ቢርገበገብ ወይም የሞተሩ ድምፅ ቢለዋወጥ አንድ ሽቦ ተጨንቋል ማለት ነው። መቆንጠጫውን ሲያስርም አራቱንም ቡሎኖች በጉልበት አላጠበቀም፤ በፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ቅደም ተከተል መሠረት አስቀድሞ አንዱን ወገን ብረት ከብረት እስኪገናኝ፣ ቀጥሎ ሌላውን ወገን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ ወደ ልኩ አደረሰው። ለታችኞቹ ቡሎኖች ቡሎን እንዳይላላ የሚያደርገውን፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን ሰማያዊ የሎክታይት ማጣበቂያ ቀባ። ማሽኑን ከተረከብኩ በኋላም የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ ነድቼ እንድመለስና ማጥበቂያዎቹ በድጋሚ እንዲፈተሹ አሳሰበኝ፤ ተመልሼም አስፈትሼአለሁ።

በዕቃው አምራች ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ከራይዘሩ ጋር የመጣው ወረቀት ጥቂት ሥዕሎችን ብቻ የያዘ ሲሆን፣ የማጥበቂያውን ልክ አይገልጽም። ከዕቃው ጋር የተሰጡት የታችኛው ቡሎኖች በተጨማሪ ሮንዴላ ሲታሰሩ ወደ አሉሚኒየሙ ውስጥ የሚገባው ጥርስ አጭር ይሆናል። አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ቡሎኑ ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ተኩል ያህል ጠልቆ ሊገባ ይገባል፤ መካኒኩ ይህን ለክቶ ረዘም ባሉና ተመሳሳይ ጥንካሬ ባላቸው ቡሎኖች ተክቷቸዋል። የአንድ ሰው ሕይወት በሚታሰርበት ቡሎን ላይ ሳንቲም መቆጠብ በምንም ምክንያት የሚደገፍ አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ዓይነት ዕቃ የሚገዛ ሁሉ የቡሎኑን ርዝመት ሳይለካ እንዳያስገጥም አሳስባለሁ።

ወደ ውጤቱ ስመጣ፣ ለውጡ በሚገባ የታየኝ በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ አናት ላይ በሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ ነው። መንገዱ 105 ማይል ርዝመት ያለውና የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል የሆነ፣ ኩርባ ኩርባን የሚከተልበት የተራራ ጎዳና ነው። ቀድሞ በዚህ መንገድ ገና ከግማሹ ሳልደርስ የትንሿና የቀለበት ጣቴ መደንዘዝ ይጀምር ነበር፤ መዳፍ እጀታው ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጫን በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ስለሚጨነቅ፣ ብስክሌት ነጂዎችም የሚያውቁት ሕመም ነው። አሁን ክርኔ ታጥፎ ስለሚያርፍ ክብደቴ በመዳፌ ላይ አይጫንም፤ ጣቶቼም አይደነዝዙም። በግራ ኩርባ ቀኝ እጄ፣ በቀኝ ኩርባ ግራ እጄ ወደ ፊት ሲሄድ ጀርባዬ ከመደገፊያው ሳይላቀቅ ክንዴ ብቻ ይዘረጋል። የዚህ ትርፍ ምቾት ብቻ አይደለም፤ ወገቡን ያልጠመዘዘ ነጂ መሪውን በእኩል ኃይል ስለሚይዝ ማሽኑ መስመሩን ሳይዋዥቅ ይጠብቃል።

ራይዘሩ የማይሠራውንም መናገር ይገባል። መሪውን ለማዞር የሚያስፈልገውን ጉልበት አይቀንስም፤ ያ የሚወሰነው በመሪው ስፋትና በፎርኩ አቀማመጥ ነውና፣ መሪውን ማዞር የከበደው ሰው ሰፋ ያለ መሪ ሊፈልግ ይገባል። ደግሞም የሃርሊ ራይዘሮች ንዝረትን ለመቀነስ በጎሚኒ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ምሰሶው በረዘመ ቁጥር የጎሚኒው መላላት እጀታው ላይ ጎልቶ ይሰማል። መሪውን አጥብቄ ስስበው ቀድሞ ያልነበረ ጥቂት መወዛወዝ አስተውያለሁ። በጠንካራ ፖሊዩሪቴን ጎሚኒ መተካት ይህን ያስተካክለዋል፤ በምላሹ የሞተሩ ንዝረት ወደ እጅ በብዛት ይደርሳል። የነፋስ መከለያው አብሮ ስለማይነሳ እጆቼ ቀድሞ ከነበሩበት ይልቅ ለነፋስ ተጋልጠዋል፤ በኅዳር ብርድ ይህ ይታወቃል። መሪው እስከ ዳር ሲዞርም የውስጠኛው እጅ ወደ ሆድ ስለሚጠጋ፣ ወፈር ያለ ሰው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ማምጣቱ ሊያስቸግረው ይችላል።

ካን አም ስፓይደር ለሚነዱ ሰዎች ነገሩ በከፊል ይለያል። ያ ማሽን ሁለት ጎማው ከፊት ሲሆን መሪውም በኤሌክትሪክ ኃይል ይታገዛል፤ ስለዚህ እዚያ ራይዘር የሚያስፈልገው ለአቀማመጥ ብቻ ነው፤ ክንድ ከክብደት ጋር አይታገልም። የነፋስ መከለያ በሌለው ሌላው የሃርሊ ትራይክ፣ በፍሪዊለር፣ ላይ ገጠማው የቀለለ ነው፤ መስተዋቶቹ ግን በመሪው ላይ ስለተተከሉ እንደገና መስተካከል አለባቸው። የመሪ ከፍታን የሚወስን ሕግ ያላቸው ግዛቶች ስላሉም ይህን ማየት ይገባል፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ እጀታው ከተቀመጠው ነጂ ትከሻ በ6 ኢንች እንዳይበልጥ ትከለክላለች። በትራይ ግላይድ ላይ የተጨመረ 5 ሴንቲ ሜትር ወደዚያ ወሰን አይጠጋም፤ የፋብሪካውን መሪ አውጥቶ በረጅም መሪ ላይ ራይዘር የሚጨምር ሰው ግን ለክቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል።