ጄንታማይሲን ወይስ አሚካሲን፦ ጫጫታ ውስጥ ለሚውል ጆሮ

ወፍጮ ቤት ወይም ብረታ ብረት ሥራ ለሚውል ሰው ከእነዚህ ጀርም ገዳይ (አንቲባዮቲክ) መርፌዎች የትኛው ይሻላል?

ጉዳቱ፦ ጄንታማይሲን ይበልጥ የሚያጠቃው በውስጠኛው ጆሮ ያለውን የሰውነት ሚዛን መጠበቂያ ነው፤ በጨለማ መንገዳገድ፣ ሲራመዱ የሚያዩት ነገር ሁሉ መዝለል። አሚካሲን ይበልጥ መስማትን ይነካል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ በተራ ወሬ አይታወቅም።

ጫጫታ፦ በእንስሳት ላይ እንደታየው፣ ከፍተኛ ድምፅ የሰማ ጆሮ ህዋሳቱ ብዙ ጄንታማይሲን ያስገባሉ። ድምፅን የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ህዋሳት ጫፋቸው ላይ በሚከፈቱ ቀዳዳዎች መድኃኒቱም ይገባል፤ ገብቶም ቶሎ አይወጣም። አሚካሲን የዚያው ወገን ስለሆነ በዚህ በኩል አይታመንም። በሕክምናው ወቅትና ከዚያም በኋላ ለሳምንታት ከጫጫታው መራቅ የግድ ነው።

መጠን (ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ፣ በቀን አንዴ)፦ ጄንታማይሲን በኪሎ 5–7 ሚሊግራም፣ አሚካሲን 15። ኩላሊት ሲደክም ሁለቱም ይጠራቀማሉ፤ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ሲጨመር አደጋው ይብሳል።

መስማቱ ቀድሞ ለተጎዳ ጄንታማይሲን፣ ሚዛኑ ለደከመ አዛውንት አሚካሲን ይቀላል፤ ጀርሙ ጄንታማይሲንን ከተላመደ ግን ምርጫው ይጠባል። በእናት ወገን በእንዲህ ያለ መርፌ የደነቆረ ዘመድ ካለ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፦ ያኔ ከሁለቱም ውጪ ሌላ መድኃኒት ይፈለጋል።