መብራት ሲሄድ የምትነቃ አንቴና፦ ዘጠኝ ወር ከሚኒ ዊፕ ጋር

ሱሉልታ ላይ መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ "ኤጭ!" ይላል። እኔ ላፕቶፔን አንስቼ ወደ ጓሮ ክፍል እሮጣለሁ። ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረህ" ትላለች። እውነቷን ነው።

ሚኒ ዊፕ የምትባለውን የሬዲዮ መቀበያ አንቴና ጥቅምት ላይ አንድ ዘመዴ ከዱባይ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ንድፉ የአንድ ሆላንዳዊ አማተር፣ ማለትም ሬዲዮን ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው፤ የኔዋ ግን ኦንላይን የተገዛች ቅጂ ናት። ስታዩዋት ትስቃላችሁ። አንዲት ትንሽ የመዳብ ሰሌዳ፣ ሥሯ ማጉያ ሰርኪዩት፣ ሁሉም በነጭ የውሃ ቱቦ ውስጥ። 2,200 ሜትር ርዝመት ያለውን ሞገድ ልትይዝ የመጣችው እሷ ናት።

የምፈልገው ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ነበር። አማተሮች እዚያ ሁለት ጠባብ ቦታ አላቸው። አንዱ ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተፈቀደ፣ የሚረጨውም ኃይል ከ1 ዋት እንዳያልፍ የተወሰነ። ሌላው ከ472 እስከ 479 ነው፤ በ2012 የመጣ። እኔ አላስተላልፍም፣ የማዳምጥ ብቻ ነኝ። የማዳምጠውም በጆሮ አይደለም። ዊስፐር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለር የሠራው። ላኪው የጥሪ ስሙን፣ ቦታውንና ጉልበቱን ለመናገር 111 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ቀስ ስለሚል ጆሮ ከጫጫታው የማይለየውን ምልክት ኮምፒዩተሩ ይለየዋል።

የመጀመሪያው ወር ግን አሳፋሪ ነበር። ቱቦዋን ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አሰርኳት፣ ከሳጥኑ በመጣው አዳፕተር አበራኋት። የሚገባውን ምልክት በቀለም የሚያሳየው ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ጣቢያ የለም፣ ሁሉም ጫጫታ። ተበላሁ ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ማታ እንዲሁ እያፈጠጥኩ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ቀጠለ፣ አንቴናዋ ጠፋች። የመኪና ባትሪ አምጥቼ ሰካሁላት። ቢጫው ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቆየኝ፣ በመሃሉ ቀጫጭን መስመሮች ቆመዋል። ለካ እሷ ደህና ናት፤ የታመመው ሰፈሩ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው የእንጀራ ምጣዱን ነው። ምጣድ መብራት ይበላል እንጂ አይጮኽም። ጥፋተኞቹ ትንንሾቹ ናቸው፦ የስልክ ቻርጀር፣ የዲሽ ዲኮደር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል። ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ስለሚቆራርጡት ጫጫታቸው እኛው የምናዳምጠው ፍሪኩዌንሲ ላይ ይወድቃል። የመጣላት አዳፕተርም ከነሱው ወገን ነው። ስትገዙ እሱን ለሌላ ሥራ አውሉት።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጀመርኩ። ስድስት ሜትር አጣና ገዝቼ ከቤቱ ራቅ አድርጌ ተከልኩ። ከጎን ያሉት እማማ በአጥር ብቅ ብለው "ልጄ፣ ይቺ ነገር መብረቅ አትጠራም?" አሉኝ። "ደመና ሲመጣ እነቅላታለሁ እማማ" አልኳቸው። እስካሁን ደመና ባዩ ቁጥር ይጠሩኛል። ከአጣናው ሥር የመዳብ ዘንግ ቀብሬ የገመዱን ውጫዊ ሽቦ ከሱ ጋር አሰርኩ። ይቺ ኧርዝ ከከፍታው በላይ ጠቅማኛለች። ገመዱ ራሱ የቤቱን ጫጫታ ወደ ላይ ይዞ ይወጣ ነበርና። ባትሪው ደግሞ ቋሚ ሆነ፤ ቀን በሶላር ይሞላል፣ ማታ ሶላሩን እነቅለዋለሁ።

አሁን ምን ይሰማል? የቱርክ ባሕር ኃይል 26.7፣ የሕንድ 18.2፣ አውስትራሊያ ያለው 19.8 ኪሎ ኸርዝ ላይ ቀንም ሌሊትም አሉ። እነዚህ ለሰርጓጅ መርከብ የሚያወሩ ግዙፍ ጣቢያዎች ስለሆኑ መስማቱ ብዙም አያኮራም። ጥር ላይ የጀርመን የሰዓት ጣቢያ 77.5 ላይ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ሆኖ መጣ። ያ አኮራኝ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የካቲት ውስጥ ነው። በዓለም ሰዓት 23 ላይ ማለትም ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ መብራት በሄደበት፣ 474.2 ላይ አንድ የአውሮፓ አማተር አንዲት መስመር ጻፈልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየኋት፤ "ይሄ ነው?" ብላ ተኛች። ድሮ ያለ ሽቦ የሚሄደውን መልእክት የነፋስ ስልክ ይሉት ነበር፣ አዲስ አበባ ያለው ነፋስ ስልክ ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። እኔም የነፋስ ስልክ ደረሰኝ አልኩ ለብቻዬ።

በመጀመሪያው ጠባብ ቦታ፣ 136 ላይ ግን በዘጠኝ ወር ምንም። ባዶ።

የአሠራሯን ነገር ካነሳን፣ የቱቦው ክዳን በደንብ አልታሸገም። ግንቦት ላይ ከአንድ ዝናብ በኋላ ደነቆረች። ስከፍታት ግማሽ የቡና ስኒ ውሃ ወረደ፣ ማገናኛው አረንጓዴ ዝጎ ነበር። ለሻጩ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ማገናኛውን ቀየርኩ፣ ክዳኑን በሲሊከን ዘጋሁ፣ ዳነች። ሌላው ራስ ምታት ሰዓት ነው። ዊስፐር በሰከንድ ያህል ትክክል የሆነ ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። በመጨረሻ ትንሽ የጂፒኤስ መቀበያ ገዛሁ።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አልመክራትም። መቶ ቻርጀር በመቶ ግድግዳ ውስጥ እያለ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ጓሮ ያለው፣ ትዕግሥት ያለው፣ ኧርዝ ለመቅበር የማይሰንፍ ይግዛት። አሁን ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል፣ ስክሪኑም አብሮ። ትናንት አውርጃት ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጫታለሁ። አጣናው ግን እንደቆመ ነው፤ እማማ ልብስ ማስጫ ገመዳቸውን አስረውበታል። እስከ መስቀል ፈቅጄላቸዋለሁ።