የድሮ ፎቶ አትሞ የሚሸጥ አንድ የደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት

በደብረ ብርሃን ከሚገኙት ፎቶ ቤቶች አንዱ፣ ከጉርድና ከሠርግ ፎቶ ሥራው ጎን ለጎን፣ በጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ዘመን ኤርትራ ውስጥ የተነሡ የከተማና የገጠር ፎቶግራፎችን በትልቁ አትሞ መሸጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ያረጀ የቤተሰብ ፎቶም ያድሳል።

ለሽያጭ ከቀረቡት አብዛኞቹ፣ ኤርትራ በ1890 እ.ኤ.አ. ቅኝ ግዛት መሆኗ በታወጀበት ዘመን ግድም በዚያ ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊ ሉዊጂ ናሬቲ ያነሣቸው ናቸው። የሕትመቱ ጥራት የሚያስመሰግን ነው። ወረቀቱ ስለማያብለጨልጭ መስኮት ፊት ለፊት ቢሰቀልም በደንብ ይታያል፤ እኔ በገዛሁት የገበያ ፎቶ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሹሩባ አንድ በአንድ ሲለይ፣ ከኋላቸው ቆማ የነበረችው በቅሎ ግን ራሷን በማወዛወዟ ሁለት ራስ ያላት መስላለች። ይህን እንከን ሳያጠፉ መተዋቸው ደስ ብሎኛል።

በኮምፒውተር ቀለም የተቀባውን ግን አልመክርም። የዚያን ዘመን የመስታወት ኔጋቲቭ ሰማያዊ ብርሃንን ፈጥኖ ሲቀበል ቀዩን ከሞላ ጎደል አያይም ነበርና፣ ሰማዩ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ ቀይ የነበረው ሁሉ ደግሞ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ኮምፒውተሩ ይህን ከቁጥር ስለማያስገባ የጃኖውን ቀይ ጥለት ጥቁር ሰማያዊ ቀብቶታል፤ ጃኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይስቅበታል።

ከሁሉ የከፋው ከፎቶዎቹ ሥር የሚጻፈው ነው። ባለ ቅስት በረንዳ የሆኑት የምጽዋ ቤቶች «ጥንታዊት አንኮበር» ተብለዋል። አንኮበር ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ የደጋ ከተማ ናት፤ ለዚህ አገር ሰው እንዲህ ዓይነት ስሕተት አይሸጥም። ባለቤቱን ሳነጋግራቸው «ገዢው የሚጠይቀን አንኮበርን ነው» አሉኝ። አንኮበር ከተፈለገች ደግሞ፣ ምኒልክ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ተጓዦች በሰጧት፣ ከአንኮበር አጠገብ ባለችው በልጥ ማረፊያ የኖረው ሐኪም ሊዮፖልዶ ትራቨርሲ ሸዋ ውስጥ ያነሣቸው ፎቶዎች አሉ፤ እነዚያን ፈልጎ ማተም ይቻል ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን ፎቶ ላይ የሚነሣው ባላገር ስሙ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ስለ እርሱ የምናውቀው የቦታውን ስም ብቻ ሆኖ ሳለ እርሱንም መለወጥ፣ ለእኔ፣ ከቀለሙ የባሰ ጥፋት ነው።

የእድሳቱ አገልግሎት መልካም ነው፤ የታጠፈበትን መስመርና ጭረቱን ያለ ብዙ ምልክት ያነሡታል፣ ዋናውንም በጥንቃቄ ይመልሳሉ። ካልተነገራቸው ግን የፊትን መጨማደድ ስለሚያለሰልሱ፣ «ፊቱ እንዳይነካ» ብሎ አስቀድሞ ማሳሰብና የስካኑን ፋይል በፍላሽ መቀበል ያስፈልጋል። ፍሬሙን ሌላ ቦታ ማሠራት ይሻላል፤ እነርሱ መስታወቱን በቀጥታ ከፎቶው ጋር አጣብቀው ስለሚገጥሙት፣ በክረምት እርጥበት ሲገባ ወረቀቱ ከመስታወቱ ይጣበቃል።