ሄንሪ ወይስ ስፔንሰር? ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

አሜሪካ መጥቼ አሮጌ ጠመንጃ መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ወዳጆቼ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከሄንሪና ከስፔንሰር የቱን ልግዛ?» መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ስፔንሰርን። ይህን ለማወቅ ግን ብዙ ገንዘብ ከፍያለሁ።

ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1860 የፈጠራ መብት አግኝተው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተፈተኑ፣ ከምላጩ ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍቶ በመመለስ የሚያጎርሷቸው ናቸው። ሄንሪ 16 ጥይት ይይዛል፤ ስፔንሰር 7። ይህን ቁጥር ያየ ሁሉ ወደ ሄንሪ ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ።

እስቲ ከዋጋው እንነሣ። በጦርነቱ ዘመን ሄንሪ 42 ዶላር ገደማ ነበር። የተራው ወታደር ደመወዝ በወር 13 ዶላር ነበረና ሦስት ወር ሙሉ ሳንቲም ሳያጠፋ ቢያጠራቅም እንኳ አይሞላለትም። መንግሥት የገዛው 1,700 ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን ብዙውን ወታደሮቹ ከኪሳቸው ገዙት። አጭሩ የፈረሰኛ ስፔንሰር ግን ለመንግሥት በ25 ዶላር ገደማ ይቀርብ ስለነበር በአሥር ሺዎች ተከፋፈለ። የሰሜኑ ጦር አዛዥ ኮሎኔል ጆን ዋይልደር ለወታደሮቹ መጀመሪያ የፈለገው ሄንሪን ነበር፤ ፋብሪካው የጠየቀውን ያህል ማቅረብ ሲያቅተው ፊቱን ወደ ስፔንሰር አዞረ። ወታደሮቹ እያንዳንዳቸው ለ35 ዶላር ያህል የዕዳ ወረቀት ፈረሙ፤ በኋላ ወጪውን መንግሥት ሸፈነላቸው። ሰኔ 24 ቀን 1863 በቴነሲ ሁቨርስ ጋፕ የተባለውን የኮረብታ መተላለፊያ ቀድመው ይዘው የመጣባቸውን መልሶ ማጥቃት የመለሱት በዚሁ ጠመንጃ ነው።

ዛሬም ልዩነቱ ያው ነው። የተሠራው ሄንሪ በጠቅላላው 14,000 ገደማ ስለሆነ ኦሪጅናሉ በአሥር ሺዎች ዶላር ይጠየቅበታል። ደህና ስፔንሰር በጥቂት ሺዎች ይገኛል።

ስለ አያያዙ ደግሞ፦ ሄንሪ ከአፈሙዙ በታች የእጅ እንጨት የለውም፤ ጥቂት ከተኮሳችሁበት ብረቱ መዳፍ ያቃጥላል። የጥይት ቱቦው ከሥሩ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ ስለሆነ አቧራና ጭቃ እንደ ልብ ይገባበታል። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ጥይቱን የምትገፋው ጉጥ ወደ ኋላ ስትመጣ የያዛችሁበት እጅ ላይ ትደርሳለች፤ በተኩስ መሃል እጅ ማዛወር ግድ ነው። ቱቦው አንዴ ከተጠረመሰ ጥገናው ራስ ምታት ነው። የስፔንሰር ቱቦ ግን ሰደፉ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ከተበላሸ ስቦ አውጥቶ ሌላ መክተት ነው። ጥይቱም ከሄንሪው የከበደ ነው። እንከን የለውም አልልም፤ በየተኩሱ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል፤ ይህም ያዘገያል። በጥቅምት 1864 ጆርጂያ ውስጥ አላቱና ላይ ከኢሊኖይ የመጡ የሰሜን እግረኞች ራሳቸው በገዙት ሄንሪ የደቡቡን ጦር ጥቃት እንዴት እንደመከቱ ለሚያውቅ ሰው ሄንሪን መናቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ቁስሌ ልመለስ። አንድ ሻጭ «የጦርነቱ ዘመን ሄንሪ» ብሎ ያስረከበኝ ጠመንጃ ዝገቱ ያማረ፣ እንጨቱ የተፋፋቀ፣ ዋጋው ደግሞ «ለወንድሜ ብዬ» የተቀነሰ ነበር። ቅናሹ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር! መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ ሲፈታው ዝገቱ በአሲድ የመጣ፣ የጣሊያን ፋብሪካ ምልክቱም በሞረድ የጠፋ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። ያጋለጠው መርፌው ነው። የጥንቱ ሄንሪ መርፌ ጥይቱን ከኋላው የሚመታው ጠርዙ ላይ፣ በሁለት ወገን ነው፤ የእኔው ግን መሃሉን ይመታ ነበር።

ቅጂ መሆኑ ተነግሮት የሚገዛ ሰው ምንም አልተበደለም፤ ለመተኮስ ከሆነ እንዲያውም ቅጂው ይሻለዋል፤ የጥንቱ የሄንሪ ጥይት መመረት ካቆመ ቆይቷልና። ኦሪጅናሉ ስፔንሰርም ጥይቱን የሚመታው ጠርዙ ላይ ነው፤ ለእሱ ግን መሃል የሚመታ መለዋወጫ አለ፤ ጠመንጃውን ሳትነኩ የጥንቱን ክፍል አውጥታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ታስቀምጣላችሁ። የእኔ ስፔንሰር የጥንቱ ክፍል አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።