የኪራይ ውል ምዝገባ በወረዳ፦ ለአዲስ ተከራይ ምን ያህል ይጠቅማል?

ልደታ፣ ቂርቆስ ወይም አራት ኪሎ ቤት ተከራይቶ ለሚገባ ሰው ከደላላው ይልቅ የሚበጀው የወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። ውሉ የሚመዘገበው ቤቱ ባለበት ወረዳ እንጂ ተከራዩ መታወቂያ ባወጣበት አይደለም።

አገልግሎቱ የቆመው በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ላይ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዕድሜው ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። የጭማሪውን መጠንም አከራዩ እንዳሻው አይወስንም፤ በዓመት አንዴ የሚያሳውቀው መንግሥት ነው። «የ6 ወር ካልተከፈለ ቁልፍ የለም» የሚለው የደላላ ወግ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ የለውም። ለዚህ ብቻ እንኳ ወረፋው አይቆጭም።

አከራይና ተከራይ የታደሰ መታወቂያ፣ አከራዩ ደግሞ የይዞታ ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን በግልጽ የጠቀሰ ይሁን፤ ድፍን ያለ ውክልና ክርክር ያስነሳል።

ነገር የሚበላሸው ዋጋው ላይ ነው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብሩ እንዲቀልለት በ20,000 ብር የሚያከራየውን «12,000 ብለን እንጻፈው፣ ቀሪውን በእጅ» ይላል። ተከራዩን የማይነካው ይመስላል። በእጅ የሄደችው 8,000 ግን ማስረጃ የላትም፤ በሦስተኛው ወር 10,000 ብትሆን አቤት የሚባልባት ወረቀት አይገኝም። ወረዳው የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። ቤቱ ካልጠፋ በቀር እንዲህ ያለውን ውል መተው ይሻላል፤ ቤት እንደሚጠፋ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ሌላው ጉድለት፣ ምዝገባው ቤቱን አይፈትሽም። ያንን ተከራዩ ራሱ ከፊርማው በፊት ይጨርስ። መብራቱ በካርድ የሚሞላ ከሆነ ካርዱን መረከብ፣ ካልሆነ የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንስቶ ያልተከፈለ ቢል መኖሩን ማጣራት፤ የውሃውንም እንዲሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣና ላይኛው ፎቅ መድረሱን ጎረቤት ይጠየቅ፤ ሮቶው የጋራ ነው ወይስ የግል? የጥበቃና የጽዳት መዋጮ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይግባ። ምድጃው፣ የሻወር ማሞቂያው፣ የቁልፉ ብዛት በአባሪ ተዘርዝሮ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ የተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያ ካለም እዚያው ይጻፍ።