የሰብሳቢ ሰንጢ እጀታ፦ የተፈጥሮውና አስመሳዩ ጎን ለጎን

እጀታ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ልፋቱን ሁሉ የሚያፈሰው ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሰንጢ ሲገዙ ገጹን ለመጨረሻ ይተዉትና አስቀድመው ጠርዙን ይዩ። ጠርዝ የምንለው የእጀታው ልባስ ከውስጡ የብረት ንጣፍ ጋር የሚገናኝበትን ቀጭን መስመር ነው። በሞላው (ስለቱን በሚይዘው የጀርባ ስፕሪንግ) በኩልና በእጀታው ጫፍ ቁሱ ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽርና ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይበቃል። ከዚያ የሰንጢውን ግራና ቀኝ ያስተያዩ፤ በተፈጥሮ ቁስ ሁለቱ ጎኖች ሊቀራረቡ ይችላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም።

አጥንትና ዴልሪን

ገዢን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ጥንድ ነው። ለሰንጢ የሚውለው አጥንት ባብዛኛው የከብት ቅልጥም ሲሆን ቅባቱ ወጥቶ፣ በማሽን ተፈልፍሎ ቀለም ይነከራል። የሚፈለፈለውም የአጋዘን ቀንድን ሸካራነት እንዲመስል ነው፤ እንግዲህ ዛሬ "እውነተኛ" ተብሎ የሚወደደው ፍልፍል አጥንት ራሱ ያኔ አስመሳይ ነበር። ዴልሪን ደግሞ የዱፖንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ማቅረብ የጀመረው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው።

አጥንትን የሚያጋልጡት ደም ያመላለሱ የነበሩ ጥቃቅን ቦዮች ናቸው። በእጀታው ጎን ላይ ቁመቱን ተከትለው እንደሚሄዱ አጫጭር ጥቁር ጭረቶች፣ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ነጠብጣብ ይታያሉ። በዴልሪን ላይ አንዳቸውም የሉም። ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት ወደ ፍልፍሉ ግርጌ ይመልከቱ። በአጥንት ላይ መቁረጫው ያለፈበት ጭረት ይገኛል፤ ቀለሙም አንድ ቦታ ጠልቆ ሌላ ቦታ ሳስቶ ይታያል፤ እጅ የነካው ከፍ ያለው ክፍል ይነጣል። ዴልሪን በቅርጽ ማውጫ ተፈስሶ ስለሚወጣ የፍልፍሉ አፍ ለስለስ ብሎ የተጠጋጋ፣ ግርጌውም የሚያብለጨልጭ ነው። ከተመሳሳይ ሞዴል ሁለት ሰንጢ ማግኘት ከተቻለ ነገሩ ቀላል ነው፦ ያው ፍልፍል በያው ቦታ ከተደገመ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ነው።

ክብደትና ቅዝቃዜ ብቻቸውን አያስተማምኑም። የአጥንት ዱቄት በሬዚን (እንደ ሙጫ ሆኖ በሚደርቅ ፕላስቲክ) ተለውሶ የሚሠራ እጀታ ይከብዳል፣ ጉንጭ ላይ ሲያርፍም ይቀዘቅዛል። ዱቄት ግን ተከታታይ ቦይ ሊኖረው አይችልም፤ እዚህም ዳኛው አጉሊ መነጽሩ ነው።

የአጋዘን ቀንድ

እውነተኛው የአጋዘን ቀንድ ከላይ ቅርፊት መሰል ሸንተረር አለው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ይሆናል። የሰንጢ ሠሪዎች ሳምባር የተባለውን የሕንድ አጋዘን ቀንድ የሚመርጡት ውስጡ ከሌሎቹ ይልቅ ድፍን ስለሆነ ነው። በጠርዙ በኩል ያ የተቦረቦረ ክፍል ብቅ ካለ ጥያቄው አለቀ። የሁለቱ ጎኖች ውፍረትና ጉብጠት መለያየቱም ጥሩ ምልክት ነው። ሽሬድ የተባለው አምራች "ስታግሎን" በሚል ስም የተጠቀመበት ከዴልሪን የተሠራ ነው፤ ሸንተረሩ ያምራል፣ ነገር ግን ከሰንጢ ሰንጢ ይደጋገማል።

የዝሆን ጥርስ፣ አጥንትና "የፈረንሳይ የዝሆን ጥርስ"

እዚህ ላይ ጫፉን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የዝሆን ጥርስ በአግድም ሲቆረጥ እርስ በርስ የሚሻገሩ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች ያሳያል፤ ሽሬገር መስመሮች ይባላሉ። በጥርሱ ውጨኛ ክፍል ላይ የሚሠሩት ማዕዘን በዝሆን ከ115 ዲግሪ ይበልጣል፣ የዝሆን ዘመድ በሆነው በጥንቱ ማሞዝ ከ90 ያንሳል። አንድ ማዕዘን ብቻ ለክቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ከበርካታ ቦታ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ። በእጀታው ገጽ ላይ ግን፣ ቁመቱን ተከትሎ ስለተቆረጠ፣ የሚታየው ርቀቱ ያልተስተካከለ፣ የሚወዛወዝና ደብዘዝ ያለ ጅማት ነው።

"የፈረንሳይ የዝሆን ጥርስ" የሚባለው ሴሉሎይድ የተባለ የድሮ ፕላስቲክ ነው። መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያሉ፣ እኩል የተራራቁና ከመጠን በላይ ሥርዓት የያዙ ናቸው፤ በጫፉ ላይ መሻገር የለም። ጥቁር ነጠብጣብና ጭረት ካለ ደግሞ አጥንት ነው። ረጅም ሞገድ ባለው የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የዝሆን ጥርስና ያልተነከረ አጥንት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ነጭ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ብዙ ፕላስቲኮች ይደበዝዛሉ። ቫርኒሽና ቀለም ይህን ፈተና ስለሚያበላሹት ለማረጋገጫ እንጂ ለመነሻ አይሆንም።

የሕግ ነገርም አለ። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይትስ ዓለም አቀፍ ስምምነት የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዲታገድ ተወስኗል፤ ብዙ አገሮች የውስጥ ሽያጭንም ይገድባሉ። ማሞዝ ከምድር የጠፋ እንስሳ በመሆኑ በዚህ እገዳ ውስጥ የለም። የዝሆን ጥርስን "ማሞዝ" ብሎ መሸጥ የሚያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ የማዕዘኑ ልኬት ከዋጋ ድርድሩ ይቅደም።

የዕንቁ ዛጎልና ፕላስቲኩ

ዛጎሉ በስሱ የተደራረበ የካልሲየም ካርቦኔት ንብርብር ስለሆነ ከፕላስቲክ ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ሲነኩትም ይቀዘቅዛል። ሰንጢውን በብርሃን ሥር ቀስ ብለው ያዘንብሉት፦ በእውነተኛው ላይ ሮዝና አረንጓዴው ቦታ እየለወጠ ከጥልቀት ይመጣል። ፕላስቲኩ ብልጭታውን የሚያገኘው በውስጡ ከተበተነ ብናኝ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ብናኙ ይለያል። ሌላው ምልክት ጉዳቱ ነው። ዛጎል በሚስማሩ ዙሪያ ተሰንጥቆ ይፈረካከሳል እንጂ አይጣመምም፤ የተጣመመ "ዕንቁ" ፕላስቲክ ነው።

ቀንድና የኤሊ ቅርፊት

የጎሽ ቀንድ በጠርዙ በኩል በንብርብር ይገለጣል፣ ከብረቱ ለቆ ይነሳል፣ ነፍሳትም ይበሉታል። የነፍሳት ቀዳዳ ዋጋ ቢቀንስም ቀንድነቱን ይመሰክራል። በእሱ ቦታ የሚገባው ጠንካራ ጎማ ፀሐይ ሲያገኘው ከጥቁርነት ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ሲታሽም ድኝ ድኝ ይሸታል። የባሕር ኤሊ ቅርፊት ነጠብጣቡ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከብዙ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው፤ በሴሉሎይዱ ላይ ቀለሙ እንደፈሰሰ ጅረት ነው። እውነተኛው ቅርፊት በዓለም አቀፍ ንግድ የተከለከለ ስለሆነ አስመሳዩን መግዛት ይሻላል።

ሴሉሎይድ፦ አስመሳይም፣ አደገኛም

ሴሉሎይድ ሁሌም የማይረባ አይደለም። ባለ ብዙ ቀለም አሮጌ እጀታ ከነኦሪጅናል ሚስማሩ ከተገኘ፣ በቅርቡ አጥንት ከተገጠመለት ሰንጢ ይልቅ ሊፈለግ ይችላል። ለመለየት በአውራ ጣት እስኪሞቅ አጥብቀው ያሹትና ያሽትቱት፤ የካምፎር ሽታ ይሰጣል።

ችግሩ ቁሱ የተሠራው ናይትሮሴሉሎዝ ከተባለ ተቀጣጣይ ነገር መሆኑ ነው። ሲያረጅ ይፈርሳል፣ ሲፈርስ አሲድነት ያለው ጋዝ ይተፋል። ምልክቶቹ በየተራ ይመጣሉ፦ ልባሱ ተሸብሽቦ ከጫፉ የብረት ቆብ ይሸሻል፣ በላዩ ደቃቅ ስንጥቅ ይወጣል፣ የናሱ ንጣፍ አረንጓዴ ይሆናል፣ ስለቱም ከእጀታው ጋር በሚዋሰንበት በኩል ይዝጋል። የተቀረው ስለት ንጹሕ ሆኖ እዚያ ብቻ ዝገት ካለ ሰንጢውን አይግዙ። የገዙም እንደሆነ ከሌሎቹ ለይተው፣ አየር በሚገባበት ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አንዱ የጎረቤቶቹን ብረት ይበላል።

የጋለ መርፌ መውጋት የሚባለውን ፈተና ይተዉት። ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር መሽተቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሴሉሎይድ ከገጠመዎት እሳት ይይዛል፣ ሌላውም ቢሆን ጠባሳ ይቀርበታል። ዛጎልን በአሲድ መሞከርም እንዲሁ ነው።

ዕድሜውና ሚስማሩ

እጀታው እውነተኛ ቢሆንም የኋላ ልዋጭ ሊሆን ይችላል። በስለቱ ሥር ያለው ማኅተም ከእ.ኤ.አ. 1960 በፊት ያለ ዘመን የሚያመለክት ሆኖ ልባሱ ዴልሪን ከሆነ ተቀይሯል። አጥንትም ቢሆን ሚስማሮቹ አዲስ ካብለጨለጩ፣ በዙሪያቸው የመዶሻ ምልክት ካለ፣ ወይም አንዱ ጎን ከብረቱ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ካለ ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

በርቀት ሲገዙ ሻጩን ስድስት ፎቶ ይጠይቁት፦ ሁለቱን ጎኖች፣ ጀርባውን በሞላው በኩል፣ የእጀታውን ጫፍ ከቅርብ፣ ሚስማሮቹን ከቅርብ፣ ስለቱ ተከፍቶ ማኅተሙንና ሥሩን። የጀርባውና የጫፉ ፎቶ ካልመጣ ዋጋውን በፕላስቲክ ሒሳብ ይንገሩት።