ሪፋይንድ፦ ሦስት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለጫነ ኮምፒውተር የሚመረጥ ቡት ማኔጀር

ዊንዶውስ 11ንና ሁለት የሊኑክስ ዓይነቶችን፣ ሊኑክስ ሚንትንና ዴቢያንን፣ በአንድ ላፕቶፕ ላይ መጫን ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከተጫኑ በኋላ ሦስቱንም ያለ እንከን ማስነሳት ነው። እያንዳንዱ ሊኑክስ ግረብ የተባለውን ማስነሻ ይዞ ይመጣል፤ ግረብ ደግሞ የሚያሳየውን ዝርዝር አስቀድሞ በፋይል ጽፎ ስለሚያስቀምጥ፣ አንዱ ሊኑክስ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ባደሰ ቁጥር በሌላው ዘንድ ያለው ዝርዝር ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 2.06 እትም ወዲህማ ግረብ በመነሻ ቅንብሩ ሌሎች ሲስተሞችን አይፈልግም፤ እንዲፈልግ ሊፈቀድለት ይገባል።

ሪፋይንድን ከሌሎች አስበልጬ የምወደው ይህን ችግር ከሥሩ ስለሚነቅለው ነው። ሮድሪክ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2012፣ እድገቱ በቆመው ሪፊት በተባለ የማክ ማስነሻ ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀው ይህ ነፃ ፕሮግራም የተጻፈ ዝርዝር ጠብቆ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ዲስኮቹን ፈትሾ ያገኘውን ሁሉ በምስል ይደረድራል። አዲስ ሲስተም ሲጨመርም ሆነ አሮጌው ሲጠፋ የሚታረም ነገር እምብዛም አይኖርም። ኤክስት4 የተባለውን የሊኑክስ ፋይል አደረጃጀት የሚያነብ ድራይቨር ስላለው ከርነሉን በቀጥታ ከሊኑክሱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ያነሳል፤ ዊንዶውስ የሚፈጥረው፣ ማስነሻዎች የሚቀመጡበት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑና የሁለት ሊኑክስ ከርነሎችን ለማስቀመጥ ስለሚጠብ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ቡት የተባለው ማውጫ ለብቻው ፓርቲሽን ከተሰጠው ወይም ዲስኩ ከተመሰጠረ፣ ከርነሉ ሲነሳ የሚሰጡትን ትእዛዞች በትንሽ ፋይል ጽፎ ከከርነሉ አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በሚንትና በዴቢያን የፕሮግራም ማከማቻዎች ውስጥ ስለሚገኝ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። መጀመሪያ ሲታይ ግን ገጹ የተጨናነቀ ነው፤ ከርነሎቹም ግረቦቹም እኩል ይሰለፋሉ። የማይፈለገውን መርጦ ዲሊት ቁልፍን መጫን ይደብቀዋል። ምርጫ ካልተደረገ 20 ሴኮንድ መጠበቁ ለእኔ ስለሚረዝምብኝ በማዋቀሪያው ፋይል ወደ 5 ዝቅ ማድረግን እመርጣለሁ።

ትዕግሥት የሚፈትነው ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለው የኮምፒውተሩ ጥበቃ ነው። ሪፋይንድ በማይክሮሶፍት ቁልፍ ስላልተፈረመ ሺም በተባለው፣ በማይክሮሶፍት በተፈረመ አገናኝ ፕሮግራም በኩል ማለፍና ቁልፉን ራስን ማስመዝገብ ይጠይቃል፤ መመሪያው የተሟላ ቢሆንም ለጀማሪ ከባድ ነው። ብዙዎች ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ይመርጣሉ፤ የዊንዶውሱ ዲስክ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ማመስጠሪያ የተቆለፈ ከሆነ ግን የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ሳይገለብጡ ይህን መንካት አደገኛ ነው። የዊንዶውስ ትልልቅ ማሻሻያዎች የዊንዶውስን ማስነሻ በማስነሻዎቹ ቅደም ተከተል ወደ መጀመሪያው ቦታ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ሪፋይንድ ይህን መከላከል ስለማይችል ቅደም ተከተሉን ከዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ ከሚሠራው ሶፍትዌር) ማስተካከያ ገጽ መመለስ የተጠቃሚው ድርሻ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሊኑክስንና ዊንዶውስን አጣምሮ የሚጠቀም ሰው ሰዓቱ በ3 ሰዓት ሲዛባ ቢያይ ሪፋይንድን አይውቀሰው፤ ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአገር ሰዓት ነው ብሎ ሲወስደው ሊኑክስ ግን ዓለም አቀፍ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ አንደኛውን ከሌላው ጋር ማስማማት ይበቃል።

ዩኢኤፍአይ የሌለው፣ ከእርሱ በፊት በነበረው በአሮጌው ባዮስ ብቻ የሚነሳ ላፕቶፕ ያለው ሰው ከግረብ ጋር ቢቆይ ይሻለዋል፤ ሪፋይንድ ለዚያ ዓይነት ማሽን አልተሠራም።